ራዲዮ ዝም ባለ ጊዜ፤ ብልሽቱን በሥርዓት ስለ መፈለግ

ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር



ራዲዮ ሥራው መናገር ስለ ሆነ መታመሙ ዝም ባለበት ሰዓት ይታወቃል፤ ሕመሙ ከወዴት እንደ ሆነ ግን ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህም ብዙ ሰው መጀመሪያ ሣጥኑን በመዳፉ ይመታዋል፤ እንቢ ያለው እንደ ሆነ ክዳኑን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ሽቦ ይጎትታል። በመምታት የተናገረ ራዲዮ አለ፤ ነገር ግን የላላው ነገር እንደ ላላ ስለ ቀረ በዚያው ቀን ማታ ተመልሶ ዝም ይላል። ክዳኑን ፈትቶ ሽቦ የጎተተ ሰው ደግሞ አንድ የነበረውን ብልሽት ሁለት አድርጎ ለባለሙያ ያስረክባል።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ በ2012 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። ቴሌቪዥን በሌለበት መንደር ለሕፃናቱ የቀረላቸው መምህር ያ ትንሽ ሣጥን ነበረ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ባትሪ ድንጋይ መዛግ ወይም የአንድ ሽቦ መበጠስ የወር ትምህርት ያስቀራል፤ ጠጋኙ ያለው በወረዳው ከተማ፥ መንገዱም በክረምት የሚቋረጥ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

በዓለም ላይ ይህን ጥበብ ደመወዝ ሳይቀበሉ ስለ መውደድ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ አማተር ይባላሉ። እነርሱ በራሳቸው እጅ በሠሩት ወይም በጠገኑት መሣሪያ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ይነጋገራሉ፤ በጎርፍና በምድር መንቀጥቀጥ ጊዜም ሌላው መገናኛ ሲቋረጥ መልእክት ያደርሳሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ትልቅ የራዲዮ ጣቢያ በአቃቂ ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም በኋላ የአማተሮች ጥበብ ወደ አገሪቱ ገብቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት «ኢቲ 3 ኤኤ» በሚባል የመጥሪያ ስም የሚታወቅ የማኅበር ጣቢያ ቆመ። በዓለም ስምምነት ለየአገሩ የመጥሪያ ፊደል ተከፍሏልና «ኢቲ» የኢትዮጵያ ነው። ነገር ግን ድምፅን ወደ አየር ማሠራጨት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመንደር ትምህርት ቤት የሚጀምረው በመስማት ነው፤ ከአማተሮችም የሚማረው ከሁሉ አስቀድሞ ብልሽትን የሚፈልጉበትን ሥርዓት ነው።

ይህ ሥርዓት የንባብ ትምህርትን ይመስላል። ፊደል ያልለየ ልጅ ወደ ዳዊት እንደማይገባ ሁሉ፥ ከውጭ ያለውን መርምሮ ያልጨረሰ ሰው ወደ ሣጥኑ ውስጥ ሊገባ አይገባውም። ራዲዮ ምንም ያህል ቢራቀቅ አራት ነገር ነው፤ ኃይል የሚሰጠው፥ ከአየር ሞገዱን የሚይዘው፥ የተያዘውን መርጦ የሚያጎላው፥ የጎላውንም ወደ ድምፅ የሚለውጠው። እያንዳንዱም ሲታመም የየራሱን ምልክት ያሳያል። ራዲዮው ፈጽሞ ዝም ያለ፥ መብራቱም የጠፋ እንደ ሆነ ነገሩ የኃይል ነው። እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ እየሰጠ ጣቢያ ግን ያጣ እንደ ሆነ፥ አንቴናው ወይም መራጩ ክፍል ተበላሽቷል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በዚያ ቦታ አቧራ ገብቷል። ድምፁ የሚንተባተብና የሚጎረንን ከሆነ ወይ ድንጋዩ ደክሟል፥ ወይ የድምፅ ማውጫው ወረቀት ተቀዷል። ይህን ለይቶ ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጆሮ ብቻ ይበቃል።

ከኃይሉ መጀመር ይገባል። ባትሪ ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ቮልት ያህል አለው። አራት ድንጋይ የሚጎርስ ራዲዮ እንግዲህ 6 ቮልት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ከአራቱ አንዱ ተገልብጦ የገባ እንደ ሆነ ግን የሦስቱንም ድካም ከንቱ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የደከመ ድንጋይ ብቻውን በቴስተር ሲለካ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ሸክም ስላልተጫነበት ነው። በቅሎ በባዶዋ ስትሄድ መድከሟ እንደማይታወቅ ያለ ነው። ስለዚህ ራዲዮው ተከፍቶ፥ ድምፁም ከፍ ብሎ ሳለ መለካት ያሻል፤ በዚያን ጊዜ የአንዱ ድንጋይ ልክ ከ1 ቮልት በታች የወረደ እንደ ሆነ ያ ድንጋይ አብቅቷል። አዲስና አሮጌ ድንጋይ አቀላቅሎ ማስገባትም አይገባም፤ አሮጌው አዲሱን ይበላዋል፥ ራሱም ፈሳሽ ያፈሳል።

ድንጋዩ የሚነካካበት ብረትና ምንጭ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ እንደ ሆነ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ፍቆ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ዝም ካሉት የመንደር ራዲዮዎች ብዙዎቹ ከዚህ በላይ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ከመፋቅ የተሻለ ነው። በፀሓይ ኃይል በሚሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትምህርት ቤትም ባትሪው ካረፈ በኋላ ይለካው፤ 12.6 ቮልት ያህል ካለው ሞልቷል፥ ከ12 በታች ከወረደ ግን ለመራቡ ምልክት ነው።

እስከዚህ ድረስ ለተባለው ሥራ የሚበቃው መሣሪያ በአንድ የቆዳ ከረጢት ይያዛል። ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፥ አንድ ፒንሳ፥ ሽቦ የሚላጭበት ትንሽ ቢላዋ፥ ብርጭቆ ወረቀት፥ ለስላሳ ብሩሽና ቴስተር ናቸው። ቴስተር ውድ መሆን የለበትም፤ ቮልትን የሚለካ፥ ሽቦም ተቀጥሎ እንደ ሆነ ተበጥሶ እንደ ሆነ የሚናገር ከሆነ ይበቃል። መበየጃ ብረት የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብየዳን ያልተለማመደ እጅ በራዲዮ ላይ ከመሥራቱ በፊት በወዳደቀ ሽቦ ላይ ሃምሳ ጊዜ ይለማመድ። በጎ ብየዳ ሲበርድ ያብረቀርቃል፥ ሽቦውንም አቅፎ ይይዘዋል፤ ክፉ ብየዳ ደብዛዛ ሆኖ እንደ ጤዛ ጠብታ በላዩ ይቀመጣል፤ በመዳፍ ሲመታ የሚናገረው ራዲዮ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እንዲህ ያለ ብየዳ ነው።

ከከረጢቱ የማይገባ አንድ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሁለተኛ ራዲዮ ነው። በዱሮው ዓይነት የተሠሩ ራዲዮዎች ጣቢያ ለመምረጥ በውስጣቸው የራሳቸውን ትንሽ ሞገድ ያመነጫሉ፤ ይህም ሞገድ በመካከለኛው ሞገድ ክፍል ከሚሰማው ጣቢያ በ455 ኪሎ ኸርዝ ይበልጣል። እንግዲህ የታመመው ራዲዮ በ900 ላይ ተደርጎ ጤነኛው በአጠገቡ በ1355 ላይ ቢደረግ፥ የታመመው ቁልፍ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ሲዞር ጤነኛው ያፏጫል ወይም ድምፁ ይለወጣል። ይህ የተሰማ እንደ ሆነ የመራጩ ልብ ይመታል ማለት ነው፤ ብልሽቱ ከእርሱ ወዲህ ይፈለጋል። በቅርብ ዘመን የተሠሩት በአንዲት ቅንጣት ሁሉን ነገር የሚሠሩ ራዲዮዎች ግን በዚህ መንገድ አይመረመሩም።

ሣጥኑን መክፈት ግድ ሲሆን ሕጉ አንድ ነው። በድንጋይ ብቻ የሚሠራ ራዲዮ ይከፈታል፤ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር የሚያያዝ ግን ገመዱ ቢነቀልም እንኳ ባልሠለጠነ እጅ አይከፈትም። ከተነቀለ በኋላ ኃይል አስቀርተው የሚይዙ ዕቃዎች በውስጡ አሉና። የድንጋዩ ራዲዮ ተከፍቶ፥ ድምፁም ከፍ ተደርጎ ሳለ፥ የካቻቢቴውን ብረት በጣት ይዞ የድምፅ መጨመሪያውን የመካከል እግር መንካት ነው። ማውጫው «ዝዝ» ያለ እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ግማሽ ደኅና ነው፤ ብልሽቱ ከዚያ ወዲያ፥ ወደ አንቴናው በኩል ባለው ግማሽ ነው። ምንም ካላለ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። በአንድ መንካት የሥራው እኩሌታ ይቀላል። አማተሮች ትልቁን መሣሪያቸውንም የሚመረምሩት ይህንኑ ግማሽ በግማሽ የመክፈል ዘዴ ይዘው ነው።

ብልሽት የሚመስል፥ ግን ብልሽት ያልሆነ ነገርም አለ። ከሩቅ የሚመጣ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሌሊት ጥርት ብሎ ተሰምቶ ጧት ይጠፋል። ከምድር በላይ ከፍ ብሎ በፀሓይ ብርሃን የሚፈጠር የአየር ክፍል ይህን ሞገድ ቀን ቀን ይውጠዋል፤ ሌሊት ያ ክፍል ስለሚጠፋ ሞገዱ ከዚያ በላይ ወዳለው ደርሶ እንደ ኳስ ነጥሮ ይመለሳል። በአጭር ሞገድም ዝቅ ያለው ቁጥር ለሌሊት፥ ከፍ ያለው ለቀን ይሻላል። ይህን ያላወቀ ባለቤት ጤነኛ ራዲዮ ለጠጋኝ አስረክቦ ሊከፍል ይችላል።

ስለ ጩኸት ግን ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አገር ይህ ነገር ለክርክርም የሚያበቃ ነውና። በጉባ ወረዳ በዐባይ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከዚያ የሚወጣው ትልቁ መስመር 500,000 ቮልት ተሸክሞ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ይወርዳል። ልጆች «በላያችን የሚያልፈው መብራት ስለ ምን ለትምህርት ቤታችን አይበራም?» ብለው የጠየቁ እንደ ሆነ፥ ይህን ያህል ኃይል በታላላቅ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ሳይቀነስ ወደ ቤት ሊገባ አይችልም ብሎ ማስረዳት ነው።

እንግዲህ በአንድ መንደር ራዲዮው መጮኽ ጀመረ እንበል። አንድ ሽማግሌ ወደ መምህሩ መጥተው «መምህር፥ ይህ የግድቡ መስመር ራዲዮአችንን አፈነብን፤ ለመንግሥት ይጻፍልን» ይላሉ። መምህሩም «አባቴ፥ ይጻፋል፤ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ ጩኸቱ ይበረታል ወይስ ይቀራል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ለጨዋታ አይደለም። በታላላቅ መስመሮች ዙሪያ ያለው አየር ከኃይሉ ብዛት የተነሣ ይንሿሿል፤ ይህ ድምፅ በዝናብና በጉም ይበረታል። በመንደር ውስጥ በሚያልፈው በትንሹ መስመር ግን ጩኸት የሚመጣው ከላላ ብሎንና ከተሰነጠቀ ሸክላ ላይ ከሚዘል ፍንጣቂ ነው፤ ይህኛው በደረቅ ወራት ይጮኻል፥ ዝናብ ሲያርሰው ዝም ይላል። ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ፥ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም የማይለወጥ ከሆነ፥ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከግቢው ውስጥ ነው።

የሚመረመረውም እንዲህ ነው። ራዲዮው በድንጋይ እየሠራ ሳለ የቤቱ ኤሌክትሪክ ከዋናው ቁልፍ ይጠፋል። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ ባለቤቱ ተገኘ፤ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ መስማት ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ርካሽ አምፑል ከሁሉ ይልቅ የተጠረጠሩ ናቸው። የፀሓይ ባትሪ መሙያም እንዲሁ ይጮኻል፤ እርሱን የሚያጋልጠው ጩኸቱ ፀሓይ ስትወጣ ወጥቶ ፀሓይ ስትጠልቅ መጥለቁ ነው።

ጩኸቱ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋም ያልጠፋ እንደ ሆነ ከውጭ ነውና በራዲዮው ራሱ ይፈለጋል። በተንቀሳቃሽ ራዲዮ ውስጥ በሣጥኑ ርዝመት የተኛ አንድ ጥቁር በትር አለ፤ የመካከለኛው ሞገድ አንቴና እርሱ ነው። ይህ በትር በጎኑ በኩል የመጣውን አብዝቶ ይሰማል፥ በጫፉ በኩል የመጣውን ግን አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ ጣቢያ በሌለበት ቁጥር ላይ አድርጎ ራዲዮውን በእጅ ላይ በቀስታ ማዞር ነው፤ ጩኸቱ እጅግ ባነሰበት ቦታ የሣጥኑ ጫፍ ወደ ምንጩ አመልክቷል። ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ ግን ገና አልታወቀም። አቅጣጫውን በወረቀት ላይ አስምሮ፥ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ጎን ሄዶ እንደገና መለካት ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የተገናኙበት ቦታ የጩኸቱ ቤት ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ከዚህ የበለጠ የጂኦሜትሪ ትምህርት አይገኝም። መስመሩ ወደ ኤሌክትሪክ ምሰሶ የመራ እንደ ሆነ ግን ማንም ሰው ምሰሶውን አይንቀንቅ፥ የምሰሶውንም ወጋሪ ሽቦ አይንካ። የምሰሶውን ቁጥርና የሰዓቱን ሁኔታ ጽፎ ለወረዳው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማስታወቅ ይበቃል። ቁጥርና ሰዓት ያለበት ማስታወቂያ «ራዲዮአችን ታፈነ» ከሚል ረጅም አቤቱታ ይልቅ ቶሎ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንቴና ነው፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ያለውም በዚህ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና አጭር ሞገድን ደኅና አድርጎ ለመስማት የውጭ ሽቦ ይጠቅማል። ርዝመቱን ለማወቅ 300 ለሞገዱ ቁጥር በሜጋ ኸርዝ ይካፈላል። አማተሮች ለሚነጋገሩበት ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ 42 ሜትር ከሩብ ይደርሳል፤ እኩሌታው 21 ሜትር ነው፤ ከዚህ ላይ ከመቶ አምስት ሲቀነስ 20 ሜትር ይቀራል። በመካከል ተከፍሎ ወዲህ 10፥ ወዲያ 10 ሜትር ሆኖ ይሰቀላል ማለት ነው።

ለምሰሶው የቤኒሻንጉል ሰው ብረት መግዛት አያስፈልገውም። ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርቀሃ ውስጡ እንደ ደጋው ባዶ ስላልሆነ ነፋስን ይችላል። ሦስት ዓመት ያለፈውን መርጦ በበጋ መቁረጥ ነው፤ ለጋው በነቀዝ ያልቃል። የዚያ አገር ምስጥ ግን ሊረሳ አይገባም፤ እግሩን በዐፈር ከመቅበር ይልቅ በድንጋይ ላይ አቁሞ በሦስት ገመድ መወጠር ይሻላል። የሽቦው ጫፍ ቀርቀሃውን በቀጥታ አይንካ፤ እርጥብ ቀርቀሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና በመካከላቸው የፕላስቲክ ቁራጭ ወይም የጠርሙስ አንገት ይግባ።

ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ይራቅ። ዐሥር ሜትር የሆነ ምሰሶ ሲተከል ተንሸራቶ ቢወድቅ፥ ሽቦውም መስመሩን ቢነካ፥ የያዙት ሰዎች ለመልቀቅ ጊዜ አያገኙም። ቀርቀሃውን የሚያቆሙት ተማሪዎች ሳይሆኑ ጐልማሶች ይሁኑ።

ሁለተኛው አደጋ መብረቅ ነው። በአሶሳ ዙሪያ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በእነዚህ ወራት ራዲዮው ካልተሰማበት ሰዓት ሁሉ የአንቴናው ሽቦ ከራዲዮው ተነቅሎ፥ ከቤት ውጭ፥ በዐፈር ውስጥ ሁለት ሜትር ያህል ከተቀበረ ብረት ጋር ታስሮ መዋል አለበት። ይህ ግን ከዝናቡ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው፤ ነጐድጓዱ ከተጀመረ በኋላ ሽቦውን ለመንቀል የሚሮጥ ሰው ራዲዮውን ለማዳን ራሱን ይሰጣል። ብልጭታ ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ እስኪሰማ መቁጠር ነው፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሠላሳ ቁጥር በፊት የተሰማ እንደ ሆነ ልጆች ከሜዳና ከዛፍ ሥር ተነሥተው ወደ ቤት ይግቡ፥ ሽቦውንም ማንም አይንካ። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላም ወደ ሜዳ አይውጡ።

በየራዲዮው ሣጥን ላይ አንድ ትንሽ ደብተር ታስሮ ይቀመጥ። ድንጋይ የተለወጠበት ቀን፥ የተሰማው ጩኸትና ሰዓቱ፥ የአየሩ ሁኔታ፥ የተፈታው ብሎን ሳይቀር ይጻፍበት። ራዲዮው ወደ ወረዳው ጠጋኝ የሚሄድ ከሆነ ደብተሩም አብሮት ይሂድ፤ ጠጋኙ የጀመረውን ሥራ ከመካከሉ ይይዛል፥ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።